ስድስት ዓመት የተጫማሁት ጥቁር ጫማ

ስለ ጫማ ከሚጻፉት አስተያየቶች አብዛኞቹ ጫማው ከሳጥኑ በወጣ በሳምንቱ የተጻፉ ናቸው፤ በሳምንቱ ደግሞ መጥፎ የሚባል ጫማ የለም። እዚህ የምገመግመው ጥቁር የኦክስፎርድ ጫማ ስድስት ዓመት ያገለገለኝ፣ ሶሉ አንድ ጊዜ፣ ታኮው ደግሞ ሦስት ጊዜ የተቀየረ ነው። ስገዛው ዋጋው ከለመድኩት ከእጥፍ በላይ ስለነበር ለብዙ ቀናት ሲቆጨኝ ቆይቷል። አሁን ግን የሚያስቆጨኝ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኦክስፎርድ የሚባለው ማሰሪያው የሚያልፍባቸው ሁለት ክንፎች ከፊተኛው ቆዳ ሥር ገብተው የተሰፉበት ጫማ ነው። ክንፎቹ ከላይ ተደርበው ከተሰፉ ደርቢ ይባላል። ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ቢመስልም ለእግር ግን ትልቅ ነው፤ የእግሩ ጀርባ ከፍ ያለ ሰው ኦክስፎርድ ሲያስር ክንፎቹ አልገጥም ብለው ይከፈቱበታል፤ እንዲህ ያለው ሰው ደርቢ ቢመርጥ ይሻለዋል። የእኔ እግር ጠፍጣፋ በመሆኑ ክንፎቹ ያለ ችግር ገጥመውልኛል።

የጫማው ዋና ብልጫ ያለው ከሥሩ ነው። የላይኛው ቆዳ፣ ገበሩና የውስጥ ሶሉ ዙሪያውን ከሚዞር ቀጭን የቆዳ ጠፍር ጋር ተሰፍተዋል፤ የውጭው ሶል ደግሞ በሌላ ስፌት ከዚያው ጠፍር ጋር ተያይዟል። ጉድይር ዌልት የሚባለው ይህ አሠራር ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን መስፊያ መኪናውን ለገበያ ካበቃው ከታናሹ ቻርልስ ጉድይር ሲሆን፣ አባቱ ጎማን በሰልፈር እያሞቁ ማጠንከርን የፈለሰፈው ሰው ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሶሉ ሲያልቅ ጫማ ሰፊው የውጭውን ስፌት ብቻ ፈትቶ አዲስ ሶል ይሰፋል እንጂ የላይኛውን ቆዳ አይነካም። ላይማን ብሌክ እ.ኤ.አ. በ1858 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሌላው አሠራር ሶሉን ከውስጥ በአንድ ስፌት ቀጥ አድርጎ ይወጋዋል፤ ጫማው ቀላልና ተጣጣፊ ይሆናል፣ ውኃ ግን በቶሎ ያስገባል። በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀው ከሁሉም ይረክሳል።

የረከሰውንም አውቀዋለሁ። ከዚህ በፊት ስሙን ከማልጠራው ሱቅ የገዛሁት ጫማ ዓመት ሳይሞላው፣ ደረጃ እየወጣሁ ሳለ የቀኙ ሶል ከፊት በኩል እንደ አፍ ተከፈተ፤ የቀረውን ቀን እግሬን እየጎተትኩ ዋልኩ። ቆዳውም ቢሆን ላዩ ተሞርዶ በፕላስቲክ ቀለም የተሸፈነ ስለነበር፣ ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ቀለሙ እየተቀረፈ ሥሩ ያለው ግራጫ ወጥቶ ይታይ ነበር። እንዲህ ያለውን ጫማ የፈለገ ያህል ቢንከባከቡት አይመለስም፤ ቅባቱ ፕላስቲኩን አልፎ ቆዳው ጋ አይደርስምና።

ጥሩ የተያዘ ጫማ ስለ ለባሹ ይናገራል ሲባል ብዙ ሰው የሚያየው አፍንጫውን ነው። እኔ ግን በአፍንጫው ማብረቅረቅ ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ አምስት ደቂቃና ጨርቅ ያለው ሁሉ ያበራዋል። እውነቱ ያለው ከኋላና ከሥር ነው። አብዛኞቻችን ስንራመድ መሬቱን መጀመሪያ የምንነካው በተረከዛችን ውጫዊ ጠርዝ በመሆኑ ታኮው ከዚያ በኩል ይበላል። የታችኛው ጎማ ብቻ ሲበላ ማስቀየር ቀላል ሥራ ነው፤ ሰውየው ችላ ብሎ ከጎማው በላይ ያለው ድርብርብ ቆዳ መበላት ሲጀምር ግን ታኮው በሙሉ መሠራት አለበት፤ አረማመዱም ይንጋደዳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። የተስተካከለ ታኮ ያየሁበት ሰው ቢያንስ ነገር ከመበላሸቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ነው እላለሁ።

ሁለተኛው ቦታ የተረከዙ ማቀፊያ ነው። ማሰሪያውን ሳይፈታ እግሩን እየገፋ የሚያስገባ ሰው ማቀፊያውን ይሰብረዋል፤ የተሰበረ ማቀፊያ ደግሞ በምንም ቀለም አይሸፈንም። ሦስተኛው ሶሉና የላይኛው ቆዳ የሚገናኙበት፣ አቧራ የሚጠራቀምበት ጠባብ ስንጥቅ ሲሆን፣ አራተኛው ከማሰሪያው ሥር የተደበቀው ምላስ ነው።

አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አዛውንት የተጫሙትን ቡናማ ጫማ አስተዋልኩ። በቀኙ ጎን ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ መጣፊያ ነበረበት፤ የተሰፋበት ክር ከቆዳው ቀለም ጋር እንዲመሳሰል ተቀልሟል። ሶሉ ከቀሪው ጫማ በዕድሜ በብዙ የሚያንስ፣ ማሰሪያውም አዲስ ነበር። ማሰሪያው ላላ ብሎ ስለነበር ምላሱ ይታያል፤ እርሱም እንደ ቀሪው ቆዳ ለስላሳና ወዝ ያለው ነበር። ማንም በማያየው ቦታ ላይ ቅባት የቀባ ሰው ለማን ብሎ እንደቀባ ሳስብ ተራዬ አለፈኝ።

ይህን ስል ጫማ የሰውን ልብ ያሳያል ማለቴ አይደለም። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ሰዎች አዘውትረው የሚለብሱትን ጫማ ፎቶግራፍ ብቻ ያዩ ተመልካቾች የባለቤቶቹን ዕድሜ፣ ጾታና ገቢ፣ እንዲሁም በቅርብ ግንኙነት ውስጥ የሚሰማቸውን የመተው ስጋት በትክክል መገመት እንደቻሉ አሳይቷል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሐቀኝነት የለችም። ደግሞም ጫማውን ሌላ ሰው የሚጠርግለት ሰው አለ፤ የእርሱ ጫማ የሚናገረው ስለ ጠራጊው ነው።

እንክብካቤው ከሚፈራው በታች ነው። ማታ ሳወልቀው አቧራውን በፈረስ ፀጉር ቡሩሽ አራግፌ፣ ያልተቀባ የሴዳር እንጨት ፎርማ አስገብቼ፣ ቢያንስ ሃያ አራት ሰዓት አሳርፈዋለሁ፤ እንጨቱ የእግር ላብ የተወውን እርጥበት ይመጥጣል፣ የታጠፈውን ቆዳም ይዘረጋል። በየቀኑ አንዱን ጫማ ብቻ የሚለብስ ሰው የትኛውንም ውድ ቀለም ቢቀባ ይህን ዕረፍት አይተካለትም። በወር አንድ ጊዜ ክሬም፣ ከዚያም በስሱ ሰም ያለው ቀለም እቀባለሁ። ክሬሙ ቆዳውን ያለሰልሳል፤ ሰሙ፣ በተለይ ካርናውባ ከሚባለው የብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ጠንካራ ሰም፣ ያበራል፣ እርጥበትም ይከላከላል። እ.ኤ.አ. በ1906 በአውስትራሊያዋ ሜልበርን የተጀመረው ኪዊ የተባለው የጫማ ቀለም በቆርቆሮ ክዳኑ ላይ ባለችው ወፍ ምክንያት የማያውቀው የለም፤ ነገር ግን ሰም ብቻውን ክሬምን አይተካም። እንደ መስታወት የሚያበራውን፣ ጥቂት የውኃ ጠብታ እየጨመሩ በቀጫጭኑ የሚደራርቡትን ሰም የወደደ በአፍንጫውና በተረከዙ ላይ ብቻ ይወስነው፤ በሚታጠፈው ቦታ ላይ ከተደረበ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል።

አሁን ወደሚያስቆጨኝ ልመለስ። በሁለተኛው ዓመት በዝናብ የራሰውን ጫማ ለጠዋት እንዲደርስልኝ ብዬ ከማሞቂያ አጠገብ አሳደርኩት። ቆዳ በኃይል ሲሞቅ ቅባቱን አጥቶ ይደርቃል፤ የደረቀ ቆዳ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በግራው ጫማ ከትንሿ ጣት አጠገብ የሩዝ ፍሬ የምታህል ስንጥቅ ቀርታለች። ጋዜጣ ጠቅጥቄ፣ በጎኑ አጋድሜ፣ ከእሳት አርቄ ሁለት ቀን ብታገሠው ኖሮ አትኖርም ነበር። ጫማው ስለ እኔ ከሚናገረው ሁሉ እውነተኛዋ እርስዋ ሳትሆን አትቀርም።

ጉድለቶቹም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ በሁለቱ ሶሎች መካከል የተሞላው ቡሽ የእግሬን ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ተረከዜ ተልጧል። የቆዳ ሶሉ በረጠበ ንጣፍ ላይ ስላንሸራተተኝ ሲቀየር ከፊት በኩል ስስ ጎማ አስለጥፌበታለሁ፤ ከፋብሪካው እንዲህ ሆኖ ቢወጣ እመርጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚሄድ ሰውም ክብደቱ አይመከርም። ቁጭ ብሎ ለሚሠራና ሁለት ጥንድ እያቀያየረ ለሚጫማ ሰው ግን ያለ ማመንታት ግዛ እላለሁ። ለጫማ ሰፊው ሳሳየው ስፌቱን በጥፍሩ ዳሶ፣ ጠፍሩ ገና ሁለት ሶል እንደሚችል ነግሮኛል፤ ስንጥቋን ደግሞ አይቶ ዝም አለ።