ክሬቲን ብሎ ጣፋጭ ዱቄት ሸጠልኝ፤ እንዳትሸወዱ!

ትናንት ቦሌ አካባቢ ካለ አንድ የሰፕልመንት ሱቅ 5,500 ብር አስረክቤ መጣሁ። እነዚህን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ፤ ክንዳቸው ቲሸርታቸውን ሊቀድ የደረሰ፣ ገና ከበር ስትገቡ "ብሮ፣ ጂም ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?" የሚሉ።

የሚያቃጥለኝ፣ ልጁ ስለ ክሬቲን (ጂም የሚሠራ ሰው ለጡንቻው ጉልበት የሚወስደው ዱቄት ነው) የነገረኝ ሁሉ ልክ መሆኑ ነው። "በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃሃል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 20 ግራም የሚሉህ ጡንቻህ ውስጥ ቶሎ እንዲሞላልህ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም" አለኝ። ኩላሊትስ ስለው፣ ጤነኛ ሰው በልኩ ከወሰደው እንደማይጎዳው፣ የኩላሊት ምርመራ ላይ ግን ክሪያቲኒን የሚባለው ቁጥር ከፍ ሊል ስለሚችል ለሐኪም አስቀድሜ እንድናገር፣ ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር እንዳይነካው አስረዳኝ። እየጾምኩ ነው ስለው "እንደውም ላንተ ነው የሚሆነው! ከምግብ የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው፤ ይሄ ፋብሪካ የተሠራ ነው፣ የጾም ነው" አለ። ቤት ገብቼ ሳነብ አንዱም ውሸት የለውም። በእውነት አስተኝቶ አረደኝ።

መስታወቱ ውስጥ የታሸገ ዕቃ ተደርድሯል። "እሱን ስጠኝ" ብዬ በጣቴ አሳየሁት። "እሱ ለዕይታ ነው ብሮ፣ ፀሐይ መትቶታል፤ አዲሱን ላምጣልህ" ብሎ መጋረጃ ገልጦ ገባ። ቆየ። ጓደኛው በቴሌብር እንድከፍል ቁጥር ነገረኝ፤ የመጣው የሱቁ ሳይሆን የግለሰብ ስም ነው። ከፈልኩ። ልጁ ሲመለስ ዕቃውን በግራው ይዞ ቀኝ እጁን ጥቁር ሱሪው ላይ እየጠረገ ነው። ጭኑ ላይ አራት ነጭ የጣት መስመር ቀረ። አየሁት! በዓይኔ በብሌኑ አየሁት! ያልተከፈተ ዕቃ እጅ አያነጣም ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት ግን ያን ሰዓት አልነበረኝም። "አመሰግናለሁ ብሮ" ብዬ ያንኑ እጁን ጨብጬ ወጣሁ።

ማታ አንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨመርኩ። ቅመም ያልገባበት ክሬቲን በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አይሟሟም፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ ታች ይዘቅጣል፣ ጣዕምም የለው፣ ቢበዛ መረር ይላል። የኔው ሁለቴ ሳማስለው ድራሹ ጠፋ። ቀመስኩት፤ ጣፋጭ! አባቴ ስኳር አለበት። ጉልበቱ ደከም ስላለ ሐኪሙን ጠይቀን ለሱም ላካፍለው አስቤ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። አስተማሪዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ከኛ ለመግዛትህ ደረሰኝ አለህ?" የለኝም። ግድግዳው ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን በአገጩ አሳየኝና ወደ ጓደኛው ዞሮ "ብረት ሳያነሱ ጡንቻ አልመጣም ይላሉ" አለ። ሳቁ። ትናንት ብሮ ነበርኩ።

ደረሰኝ ሳትይዙ አትክፈሉ። ማሸጊያውን እዚያው ፊታቸው ክፈቱት። ከመጋረጃ ጀርባ የወጣ ዕቃ አትቀበሉ።

አሁን ይህን ስጽፍ እናቴ ዕቃውን ኩሽና አግኝታ ሻይዋ ላይ ጨምራበታለች። ሮጬ ከእጇ ስነጥቃት "ምነው ልጄ፣ ደከም ያለ ስኳር ነው እንጂ ምንም አይል" አለችኝ።