ሴማግሉታይድ ወይስ ቲርዜፓታይድ? ምርጫው ከተቀባዩ ይጀምራል

ምግብ በልተን ሳንነሳ አንጀታችን ጂ.ኤል.ፒ.-1 የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ሆርሞኑ ሕዋሳት ላይ ካለው ተቀባዩ (ሪሴፕተር) ጋር ሲገጥም ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፣ ጨጓራ ምግቡን ቀስ እያለ ያሳልፋል፣ አንጎል ደግሞ ጥጋብ ይሰማዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የተቀባዩ ጥንቃቄ ነው። ኢንሱሊን የሚያስለቅቀው የደም ስኳር ከፍ ሲል ነውና፣ ይህን ተቀባይ የሚይዙት ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ የተባሉት የስኳር ሕመምና የክብደት መቀነሻ መድኃኒቶች ብቻቸውን ሲወሰዱ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ስጋታቸው አነስተኛ ነው።

የተፈጥሮው ሆርሞን ግማሹ በሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈርሳል። ኦዜምፒክና ዌጎቪ ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ ግን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አንድ ሳምንት ይፈጃል፤ የሚይዘውም ይህንኑ ተቀባይ ብቻ ነው። በሞንጃሮና በዜፕባውንድ የሚሸጠው ቲርዜፓታይድ 5 ቀን ያህል ሲፈጅ፣ ከዚህ ተቀባይ ጋር ጂ.አይ.ፒ. የተባለ የሌላ የአንጀት ሆርሞን ተቀባይንም ይይዛል። ሁለቱም በሳምንት አንድ ጊዜ ይወጋሉ።

ዋናው ዓላማ ክብደት መቀነስ ከሆነ ቲርዜፓታይድን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ፣ የስኳር ሕመም የሌለባቸው ወፍራም ሰዎች ላይ ሁለቱን ፊት ለፊት ያወዳደረ ጥናት አለ፤ ከ72 ሳምንት በኋላ በቲርዜፓታይድ 20.2 በመቶ፣ በሴማግሉታይድ 13.7 በመቶ ክብደት ቀንሷል። 100 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ልዩነቱ ስድስት ኪሎ ተኩል ነው።

የልብ ሕመም ያለበት ወፍራም ሰው ግን፣ ስኳር ባይኖርበትም፣ ስለ ሴማግሉታይድ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ሴሌክት ጥናት እንዲህ ባሉ 17,604 ሰዎች ላይ በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞትን፣ የድንገተኛ የልብ ሕመምንና የስትሮክን አደጋ በ20 በመቶ ቀንሶ አሳይቷል።

የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ቲርዜፓታይድ ስትጀምርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል፤ መድኃኒቱ የእንክብሉን ኃይል ሊቀንስ ይችላል።

ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የሆድ ድርቀት የሁለቱም ናቸው። ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር በራሱ ወይም በቤተሰቡ የታየበት ሰው አንዱንም መውሰድ የለበትም። የመጠኑ ቁጥርም አያታልላችሁ፤ ሴማግሉታይድ በ0.25፣ ቲርዜፓታይድ በ2.5 ሚሊግራም ቢጀመርም ሁለተኛው አሥር እጥፍ ይበረታል ማለት አይደለም።

ከውጭ አገር ለቤተሰብ የምትልኩ ደግሞ መርፌውን ከበረዶ ጋር አታነካኩ። አንዴ ከረጋ፣ ቢቀልጥም አይወጋም።