ከአያት ሜክሲኮ በቀላል ባቡር፦ የድሬ ልጅ አስተያየት

አዲሳባ እህቴ ጋር አያት አምስት ቀን ሰንብቼ መጣሁ፣ የትም ስሄድ በቀላል ባቡር ነበር። ድሬ ከገባሁ ጀምሮ ሰፈር ያገኘኝ ሁሉ "አቦ ባቡሩ እንዴት ነው?" ስላለኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው። አባቴ ጡረታ የወጣው ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው፣ እኛ ቤት ስለ ባቡር ሳይወራ እራት ተበልቶ አያውቅም፣ ስለዚ ነገሩ ለኔ ትልቅ ነው።

ለማያውቀው፣ መስመሩ ሁለት ነው። አረንጓዴው ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሰማያዊው ደግሞ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሃዲድ ይጋራሉ። ባጠቃላይ 39 ጣቢያ ነው። መስከረም 2008 ሲጀምር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፣ ከዛ ጨምሯል።

እኔ በጣም የወደድኩት ውስጡ ያለውን ሰው ነው። ሲኤምሲ ላይ አንዲት እናት ትልቅ ዘንቢል ይዘው ገቡ፣ ከላዩ ጎመንና ድንች ይታያል፣ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ብድግ ብሎ "እማማ ይምጡ ይቀመጡ" አላቸው፣ ዘንቢሉ ግን በዛ ግፊያ አብሯቸው ማለፍ ስላልቻለ በር ጋር ቀረ። መገናኛ ሲደርሱ "ልጆቼ ዘንቢሌን" አሉ፣ እሳቸው በአንዱ በር ሲወርዱ ዘንቢሉ ከእጅ እጅ በሰው ጭንቅላት ላይ እያለፈ ወረደላቸው፣ አንድ ድንች እንኳን አልወደቀም ዋላሂ። ሰራተኛው፣ ተማሪው፣ ገበያተኛው፣ ወታደሩ ሁሉ አንድ ላይ ነው። እዚህ ባጃጅ ላይ ለሶስት ለአራት ነው የምንሄደው፣ እንደዚህ አይነት ነገር የለማ።

ግፊያው ግን ከባድ ነው፣ ነፍሰ ጡርና ህፃን የያዘ ሰው በጠዋት ሰአት ባይሞክረው ይሻላል። ምክንያቱም የታወቀ ነው፣ ሲጀመር 41 ባቡር ነው የገባው፣ ከዛ መለዋወጫ እየጠፋ ብዙዎቹ ቆሙ። አባቴ ይሄን ስነግረው ዝም ብሎ ቆይቶ "ባቡር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ወርክሾፑን ነው መግዛት ያለበት" አለኝ። አባቴና የወርክሾፕ ጓደኞቹ እኮ የጠፋውን እቃ እዚሁ ድሬ ራሳቸው እየቀረፁ ነበር የድሮውን ባቡር ስንት አመት ያቆዩት።

ሌላው ያልተመቸኝ አጥሩ ነው። መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ሃዲዱ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል፣ እህቴ ፊት ለፊት የሚታያት ሱቅ ለመሄድ ዞራ ነው የምትደርሰው። እኛ ጋር የድሮው ሃዲድ መሀል ከተማ እያለፈ ሰው ይሻገረዋል፣ ፍየልም ይሻገረዋል፣ ማንንም ከጎረቤቱ አለያይቶ አያውቅም። በርግጥ የኛ ድሮም በቀን ብዙ ጊዜ አያልፍም ነበር፣ የነሱ ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣ ያለ አጥር አይሆንም፣ ግን መሻገሪያው ይብዛ ነው የምለው።

አሁን ዋናው ነገር። ከእስጢፋኖስ በኋላ ሃዲዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስታዲየምን ስታልፉ ከድልድዩ ላይ ለገሃርን ታዩታላችሁ፣ የድሮውን ጣቢያ። ከፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሀውልት ቆሟል። አባቴ ስንቴ ከዛ ህንፃ ተነስቶ በአዋሽ፣ በሚኤሶ፣ በአፍደም፣ በኤረር አድርጎ ሊነጋጋ ሲል ቤት እንደገባ አሰብኩና እንባዬ መጣ፣ መደበቅም አልፈለኩም። እናቴ ፊሽካውን ስትሰማ ነበር ከሰል የምታቀጣጥለው፣ እሱ ከጣቢያ ቤት እስኪደርስ ሻዩ ይፈላል። የድሬ ጣቢያ ከዚራ ሰፈር መሀል ስለሆነ በእግር ነው የሚመጣው፣ በእጁ የኤረር ብርቱካን ይዞ፣ እኛ ደግሞ ልጣጩን ሳይቀር እናሸተው ነበር።

ድሬ ማለት ያ ነው። ሃዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት ቆላ ቆላውን ይዞ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማው የተቆረቆረው፣ ጣቢያው ቀድሞ ሰዉ በዙሪያው ሰፈረ። በ2010 ስራ የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደሞ ጣቢያው ከከተማ ውጪ ነው። አሁን ከአዲሳባ የተመለስኩት በሱ ነው፣ ከጣቢያ ሳቢያን ሰፈር ለመግባት አንዱ ባለ ባጃጅ ኮንትራት ካልሆነ ንቅንቅ አልልም ብሎ እቃዬን መሬት ላይ አስቀምጦ በዛ ፀሀይ ስንከራከር ነበር። ተሳፋሪ ተቀብሎ ሻይና ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ የሚሸጥ፣ ዘመድ የሚጠብቅ ሰው የሞላበት ጣቢያ ነበረን እኮ፣ አሁን ሰው ወርዶ በየባጃጁ ይበተናል።

ድሬ ሜዳ ናት፣ የድሮው ሃዲድም መሀሏን አቋርጦ ወደ ሽንሌ ይወጣል። ጠዋት ከሽንሌ ወተት ይዘው ለሚመጡ ሴቶች ሁለት ፉርጎ ብቻ ቢመላለስላቸው ስንቱ ይቀል ነበር። አዲሳባ ካየሁ በኋላ ይሄን ለሰው ሁሉ እያወራሁ ነው፣ የሚመለከተው ሰው ካነበበው ደስ ይለኛል።

ለቀላል ባቡሩ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለቆሙት ባቡሮች ነው። የድሬ ሰው ለስራም ለህክምናም ከሄዳችሁ ረፋድ ላይ ተሳፈሩ፣ ከመገናኛ አቅጣጫ ስትመጡ በግራ በኩል መስኮት ጋር ቁሙ፣ ስታዲየም ካለፈ ስልካችሁን አስቀምጡት፣ ለገሃር ቶሎ ነው የሚያልፈው።