የ45 ቀኑን ክትባት አትጠብቁ፦ የጤና ጣቢያ የጨቅላ ሕፃን ምርመራ ግምገማ

ብዙ ቤተሰብ ሕፃኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው «ለ45 ቀኑ ክትባት» ይመስለዋል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አሠራር ግን ከዚያ በፊት ሕፃኑና እናቱ ሦስት ጊዜ መታየት አለባቸው፦ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በ3ኛው ቀንና በ7ኛው ቀን። እዚህ የምንገመግመው የ3ኛውንና የ7ኛውን ቀን ምርመራ ነው። ከጨቅላ ሕፃናት ሞት አብዛኛው የሚደርሰው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በብዛት የሚዘለሉትም እነዚሁ ሁለት ቀጠሮዎች ናቸው።

ምርመራውም ክትባቱም በነጻ ነው። በዚህ በኩል የሚወዳደረው የለም። ጥራቱ ግን ከጣቢያ ጣቢያ፣ ከባለሙያ ባለሙያ ይለያያል፤ ተዘጋጅቶ የሚሄድ ወላጅና ባዶ እጁን የሚሄድ ወላጅ ከአንዱ ክፍል የሚያገኙት አገልግሎት እኩል አይሆንም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከማዋለጃ ክፍል ሳይወጡ ነው። መውጫ ወረቀቱ ላይ የልደት ክብደት በግራም፣ የተወለደበት ሰዓት፣ የእርግዝናው ሳምንት፣ የእናት የደም ዓይነት፣ እንዲሁም የቫይታሚን ኬ መርፌ (ጭን ላይ፣ ጊዜው ለደረሰ ሕፃን 1 ሚሊ ግራም) እና የቴትራሳይክሊን ዓይን ቅባት መሰጠታቸው መጻፉን አረጋግጡ። የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የሕፃኑ ፖዘቲቭ ከሆነ የፀረ ዲ መርፌ (የእናት ሰውነት የሚቀጥለውን ፅንስ ደም እንዳያጠቃ የሚከላከለው) ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ለ3ኛው ቀን ቀጠሮ አይቀጠርም፣ የዚያኑ ዕለት ይፈለጋል። የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱንም አብራችሁ ተቀበሉ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ሲመዘገብ ይኸው ወረቀት ይጠየቃል፤ በኋላ ተመልሶ ማስጻፍ አድካሚ ነው። ስሙ ገና ስላልወጣ ካርዱ ላይ «ሕፃን» ተብሎ ከእናት ስም ጋር ይጻፋል። የእናት ሙሉ ስም ከነአያቷ መታወቂያዋ ላይ እንዳለው ይሁን፤ የፊደል ልዩነት በኋላ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ጣጣ ያመጣል።

አሁን ወደ ሚዛኑ። በአገልግሎቱ ደካማው ቦታ ይህ ነው ብለን እናምናለን። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳል፤ ከልደት ክብደቱ እስከ 10 በመቶ ቢቀንስ ይጠበቃል፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ መመለስ አለበት። 3,000 ግራም ሆኖ ለተወለደ ሕፃን 10 በመቶ ማለት 300 ግራም ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ቱታና እርጥብ ዳይፐር አንድ ላይ ከዚህ ሊበልጡ ይችላሉ። ከነልብሱ የተመዘነ ሕፃን ጡት በደንብ ሳያገኝ ቀርቶ እየከሳ እንኳ «ጨምሯል» ተብሎ ሊጻፍለት ይችላል። ሌላው ችግር የሚዛኑ ዓይነት ነው። ለትልልቅ ሕፃናት የሚያገለግለው ተንጠልጣይ ሚዛን የሚያነበው በ100 ግራም ልዩነት ስለሆነ ለ3 ቀን ሕፃን ሻካራ ነው። ማዋለጃ ክፍል ያለው የጠረጴዛ ሚዛን ይሻላል፤ መጀመሪያ የተመዘነበትም እሱ ስለሆነ ማነጻጸር ይቻላል። «እርቃኑን፣ በተወለደበት ሚዛን ይመዘንልን» ብላችሁ በትህትና ጠይቁ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ነጠላውን ሚዛኑ ላይ አንጥፋችሁ ንባቡ ዜሮ ላይ ይመለስ፣ ከዚያ ሕፃኑ ይተኛበት።

ልብሱም ለዚህ እንዲመች ሆኖ ይመረጥ፤ ከፊት የሚከፈት፣ በአናት የማይጎተት። ኮፍያና ካልሲ አይረሱ፤ አዋቂ ከሚለብሰው አንድ ድርብ መጨመር ይበቃል። አምስት ጨርቅ ተደራርቦበት የመጣ ሕፃን በሙቀት ምክንያት ብቻ ቴርሞሜትሩ ከፍ ሊልበት ይችላል። ጤነኛው መጠን በብብት ሲለካ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው።

ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) በየቀኑ የማይሰጥበት ምክንያት ለብዙ ወላጅ አይነገርም። አንዱ ብልቃጥ 20 ሕፃናትን ይከትባል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ ጣቢያዎች ሕፃናት እስኪሰበሰቡ ቀን ይመድባሉ። በዘፈቀደ የሄደ ወላጅ «ነገ ይምጡ» ሲባል አራሷ ሁለት ጊዜ ትደክማለች። ከመውጣታችሁ በፊት የቢሲጂ ቀናቸውን ጠይቁና የ7ኛውን ቀን ምርመራ ከዚያ ጋር አገጣጥሙ። ዜሮ የሚባለው የፖሊዮ ጠብታ (2 ጠብታ በአፍ) እስከ 14ኛው ቀን ብቻ ስለሚሰጥ እሱም ሊያመልጥ ይችላል። ቢሲጂ የተወጋበት ቦታ ከሳምንታት በኋላ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ክትባቱ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ቅቤም ቅባትም ፋሻም አያስፈልገውም።

ምርመራው ራሱ በደንብ ሲሠራ 15 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ባለሙያው አተነፋፈሱን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራል፤ ሕፃኑ ተረጋግቶ እያለ 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና ይቆጠራል። የአናቱን እርግብግቢት፣ ላንቃውን፣ ልቡን፣ እትብቱን፣ ፊንጢጣውን፣ በወንድ ልጅ ደግሞ የዘር ፍሬዎቹ መውረዳቸውን ያያል። እናቲቱ ስታጠባ ማየትም የምርመራው አካል ነው። ወረፋ ሲበዛ መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ነው፤ «ሲጠባ ይዩልኝ» ማለት መብቷ ነው። የወፍ በሽታን ለመለየት ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋል። በደብዛዛ አምፖል ሥር ቢጫነት ስለማይለይ ሕፃኑን ወደ መስኮት አቅርቡት፤ የዓይኑ ነጭ፣ ድዱ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ይታይ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የታየ ቢጫነት፣ ወይም መዳፍና ውስጥ እግር የደረሰ፣ ጠዋት ፀሐይ በማሞቅ አይድንም። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ባለሙያው የሚጠይቃችሁን መልስ በወረቀት ያዙ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው አያስታውስም። በ24 ሰዓት ስንት ጊዜ ጠባ (ከ8 እስከ 12 ይጠበቃል)፣ ስንት ጊዜ ሸና (ከ5ኛው ቀን በኋላ ቢያንስ 6)፣ ካካው ከጥቁር ወደ ቢጫ የተለወጠው በስንተኛው ቀን ነው። ጥቁሩ ከ5ኛው ቀን ካለፈ የሚጠባው ወተት በቂ ላይሆን ይችላል። እንገር ታልቦ ተደፍቶ ከሆነ፣ ቅቤ ወይም ስኳር ውሃ ተሰጥቶት ከሆነ አትደብቁ። አማት ወይም አያት አብረው ቢገቡ እንመርጣለን፤ እትብት ላይ ቅቤ መቀባት ለኢንፌክሽን እንደሚያጋልጥ፣ እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስነቀል ደም መፍሰስና ቁስል እንደሚያመጡ ከባለሙያው አፍ በአክብሮት ቢሰሙት ቤት ውስጥ ክርክር አይኖርም። ለእትብቱ የሚታዘዘው ክሎርሄክሲዲን ጄል ነው። መለያው በደንብ ይነበብ፤ የዓይን ቅባት መስሏቸው ዓይን ላይ ያደረጉት ሰዎች ከባድ ጉዳት አድርሰዋል። ሁለቱን ቱቦዎች አንድ ቦታ አታስቀምጡ።

የሚጎድለውንም እንናገር። የመስማት ምርመራና ከተረከዝ ደም ተወስዶ የሚሠራው የታይሮይድ (የእንቅርት ዕጢ) ሆርሞን ምርመራ በጤና ጣቢያ በመደበኛነት አይሰጡም። የዳሌ መገጣጠሚያና የዓይን ብርሃን ነጸብራቅ (ዓይን ላይ ሲበራ የሚመለሰውን ብርሃን የማየት) ምርመራም ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ሕፃኑ በእግሩ የመጣ፣ ከ2,500 ግራም በታች የተወለደ ወይም በቤተሰቡ መስማት የተሳነው ካለ ለሕፃናት ስፔሻሊስት ሪፈር ይጻፍላችሁ ብለን እንመክራለን። ለሌላው ሕፃን ጤና ጣቢያው ይበቃል።

አራሷ መውጣት ካልቻለች አካባቢያችሁ ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በወለደች ዕለት ንገሯት፤ ቤት መጥታ ማየት ሥራዋ ነው። ክብደቱንና ቢሲጂውን ግን ለጣቢያው አቆዩት። ጡት መጥባት ያቆመ፣ የተንቀጠቀጠ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ፣ ከ37.5 በላይ የሞቀ ወይም ከ35.5 በታች የቀዘቀዘ ሕፃን ካለ ቀጠሮም ወረፋም አይጠበቅም። ማታም ቢሆን የማዋለጃ ክፍሉ ተረኛ አለ፤ ሕፃኑን እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጋችሁ፣ ከላይ ጋቢ ደርባችሁ ውሰዱት።