«ዶው»፦ የሞንትጎመሪ ንጋት ወይስ የበርንስ?

በስኮትላንድ ቋንቋ «ዶው» ማለት ጎህ ቀደደ ማለት ነው። ቃሉ ከዶሮ ጩኸት፣ ከ«ክሮው» ጋር ቤት ይመታል። ሁለቱ የስኮትላንድ ገጣሚዎች፣ ሞንትጎመሪና በርንስ፣ ታዲያ ይህቺን ዕድል መቼ ያልፏታል!

አሌክሳንደር ሞንትጎመሪ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ጄምስ 6ኛ ቤተ መንግሥት ይገጥም ነበር። የሱ ንጋት ቀስቃሽ ነው። ዶሮው ይጮኻል፣ ወፎች ይንጫጫሉ፣ የተኙ አፍቃሪዎች ተነሱ ይባላሉ። ስንኞቹ አጫጭር ናቸው፤ ጮክ ብለው ሲያነቧቸው ይዘፈናሉ። ይህ የንጋት ዘፈን ራሱ ከሱ በፊትም የታወቀ ነው። እንዲያውም ከሱ የቀደመው ገጣሚ ዊልያም ደንባር የኤደንብራን ነጋዴዎች ሲወቅስ፣ አዝማሪዎቻችሁ ከዚህና ከአንድ ሌላ ዘፈን በቀር አያውቁም ብሏል። በጣም ተሰልችቶ ነበር ማለት ነው።

ሮበርት በርንስ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በ1789 በጻፈው የመጠጥ ዘፈን ሦስት ጓደኛሞች ሌሊቱን ሙሉ ይጠጣሉ። ዶሮው ቢጮኽ፣ ቢነጋም እኛ መጠጣችንን እንቀጥላለን ባዮች ናቸው። ደግሞ «አልሰከርንም» ይላሉ! ጨረቃ ወደ ቤት ልታባብላቸው ስትሞክር ትንሽ ትጠብቅ ይሏታል። ቀድሞ ለመሄድ የተነሳ ፈሪ ነው።

ለጆሮ ሞንትጎመሪ ይጥማል። እኔ ግን በርንስን እመርጣለሁ። ሞንትጎመሪ ጋ ንጋት ያዛል፤ እዚህ ግን የሚሰማው የለም። ሳቁም የሚመጣው ከዚያ ነው።