ሦስት በአንዱ የፒፓ መጠቅጠቂያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የፒፓ አጫሾች የቼክ መሣሪያ የሚሉት ይህ ዕቃ በአንድ ሪቬት (ራሱ ተቀጥቅጦ በተጠፈጠፈ አጭር ሚስማር) የተያያዙ ሦስት ብረቶች ነው፦ ጫፉ ክብና ጠፍጣፋ የሆነ መጠቅጠቂያ፣ ቀጭን ወስፌ እና ማንኪያ መሰል መጫሪያ። ታጥፎ ኪስ ውስጥ ይገባል። ላዩ ኒኬል የተለበጠ ነው፤ የመጠቅጠቂያው ገጽ ዳር እስከ ዳር ሲለካ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህችን 12 ልብ በሉልኝ፤ የዕቃው በጎም ክፉም ከእሷ ነው የሚመጣው።

ለወራት ከተሠራበት በኋላ ፍርዱ አጭር ነው። ወስፌው ከሦስቱ ይበልጣል፣ መጠቅጠቂያው ደህና ነው፣ መጫሪያው ባይኖርም ብዙ አይጎድልም። ነገር ግን መሣሪያው ለብቻው ተመዝኖ ዋጋ የሚሰጠው ዕቃ አይደለም። ክፉኛ የተሞላን ፒፓ የትኛውም መጠቅጠቂያ አያድነውም፤ በደንብ ለተሞላው ደግሞ ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ ትልቅ ሚስማርም ይበቃዋል። በዚህ ዕቃ ላይ ከሚሰሙት ቅሬታዎች አብዛኞቹ መነሻቸው አሞላሉ ነው። ስለዚህ ከአሞላሉ እንጀምር።

ትምባሆው ሳይገባ

ከታሸገ ቆርቆሮ የሚወጣ ትምባሆ ብዙ ጊዜ ከሚፈለገው በላይ እርጥብ ነው። ቆንጠር አድርጎ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መጫን ነው። እንደተጣበቀ ከቀረ ይድረቅ። ጣት ሲለቀው ቀስ እያለ ከተፈታ ደርሷል። ከተንኮሻኮሸና ከተሰባበረ አልፎበታል ማለት ነው። ለማድረቅ ወረቀት ላይ በስሱ ዘርግቶ ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት መተው ብዙውን ጊዜ ይበቃል። እርጥብ ትምባሆ እሳት አይዝም፤ ስለዚህ ደጋግሞ ይለኮሳል፣ ደጋግሞ ሲለኮስ ራሱ ይግላል፣ እንፋሎቱ ምላስ ይለበልባል፣ የተረፈው ውሃ የፒፓው አንገት ውስጥ ተጠራቅሞ ይንቦጨቦጫል። ከዚያ በኋላ ወቀሳው በመጠቅጠቂያው ላይ ይወርዳል።

ሌላው ብናኙ ነው። ከቆርቆሮው ሥር የሚገኘው ደቃቅ ትምባሆ መጀመሪያ ከገባ በቀጥታ ከጉድጓዱ ሥር ጭሱ የሚያልፍበት የአየር ቀዳዳ ላይ ያርፋል። ቀዳዳው ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ ለመዘጋት ብዙ አይፈልግም። ረዣዥሙና ሻካራው ወደ ታች ይግባ፤ ደቃቁ ይቆይና መጨረሻ ላይ ከላይ ይበተን፤ እዚያ እሳት ቶሎ በመያዝ ያገለግላል።

በሦስት ንብርብር መሙላት

መካከለኛ ፒፓ ጉድጓዱ ከ18 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና ወደ 40 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ይኖረዋል፤ እንደ አቆራረጡ 2 ግራም አካባቢ ትምባሆ ይይዛል። ለክር መሰል አቆራረጥ የቆየው ዘዴ ሦስት ንብርብር ነው፦

1. ትምባሆውን በጣት እያፈሱ በራሱ ክብደት እንዲወርድ እስከ አፉ ድረስ መሙላት፣ የፒፓውን ጎን መታ መታ ማድረግ፤ ከዚያ በጣም በለሰለሰ እጅ እስከ ግማሽ ድረስ ዝቅ ማድረግ።
2. እንደገና እስከ አፉ መሙላትና ትንሽ ጠንከር ባለ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ማውረድ።
3. በትንሹ ጉብ እስኪል ሞልቶ፣ ከጠርዙ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ እስኪል ጠበቅ አድርጎ መጫን።

የድሮ አጫሾች ግፊቱን የሕፃን እጅ፣ የሴት እጅ፣ የወንድ እጅ እያሉ ያስተምሩታል። የዘዴው ፍሬ ነገር ታች ላላ፣ ላይ ጠበቅ ማለቱ ነው። ፒፓው እየጨሰ ሲሄድ የላይኛው ግፊት፣ እርጥበትና አመድ ሁሉ ወደ ታች ስለሚወርድ ታችኛው ክፍል በራሱ ጊዜ ይጠብቃል። ከመጀመሪያው ጠብቆ የተሞላ ግን ግማሽ ላይ ሲደርስ ይታነቃል።

ከእያንዳንዱ ንብርብር በኋላ ሳይለኩሱ መሳብ ያስፈልጋል። ልክ የሆነው ፒፓ ለስላሳ መጠጥ በቀጭን ቧንቧ እንደመሳብ ያለ ስሜት ይሰጣል፦ ጥቂት ይቃወማል እንጂ አያስጨንቅም። ሁለተኛው ንብርብር ላይ ጉንጭ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሦስተኛው ያሻሽለዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው፤ አራግፎ እንደገና መጀመር ይሻላል። ትምባሆው አልነደደም፣ የጠፋ ነገር የለም።

አሁን ወደ 12 ሚሊ ሜትሯ። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይህ መጠቅጠቂያ መሐል ለመሐል ብቻ ሲጫን መሐሉ ይጠጥራል፣ ዳር ዳሩ ላላ እንዳለ ይቀራል። አየር የሚሄደው በቀለለው መንገድ ስለሆነ ፍሙ ግድግዳውን ተጠግቶ ይወርዳል፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚነድ ፒፓ፣ ሲብስም የተቃጠለ እንጨት ያስከትላል። መፍትሔው መጠቅጠቂያውን መጀመሪያ በግድግዳው ዙሪያ አምስት ስድስት ቦታ ቀስ እያሉ ማሳረፍ፣ መሐሉን መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ መንካት ነው። ከዚያም ይልቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ንብርብሮች በጣት መሥራት ይመረጣል። ጣት ትምባሆው ተመልሶ ሲገፋ ይሰማዋል፤ ብረት አይሰማውም። ዕቃው ለመሙላት ከጣት የሚበልጠው ጉድጓዱ 16 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች በሆነ ጠባብ ፒፓ ላይ ነው፤ እዚያ ጣት አይገባም፣ 12 ሚሊ ሜትሩም ከዳር እስከ ዳር ለመሸፈን ይቀርባል።

ሌሎቹ አሞላሎች

በፍራንክ ዘዴ ጉድጓዱ ሳይጫን ጉብ እስኪል ድረስ ይሞላል፣ ዳር ዳሩ ተሰብስቦ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከዚያ ጉብታው በአውራ ጣት ተገፍቶ እንደ ክዳን ላዩ ላይ ይደፈናል። ከሥር ያለው ትምባሆ ሳይነካ፣ አየር እንደያዘ ይቀራል። ለደረቅና ለክር መሰል ትምባሆ ድንቅ ነው፤ አንዴ ከለመዱት ከሦስቱ ንብርብር የፈጠነ ነው። እዚህ ላይ መጠቅጠቂያው ምንም ሥራ የለውም፤ በብረት የተገፋ ክዳን ተቀዶ ወደ ታች ይሰምጣል።

ፍሌክ የሚባለው በቅጠል መልክ ተጨምቆ የተቆረጠ ትምባሆ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በመዳፍ አሽቶ ፈትቶ እንደ ተራ ትምባሆ መሙላት ነው፤ ለጀማሪ ይህ ይቀላል። ሁለተኛው አንዱን ቅጠል በቁመቱ አጥፎ፣ እንደገና ለሁለት አጥፎ፣ ጥቂት ጠምዝዞ፣ ጭረቶቹ ወደ ላይ ቆመው እንዲገቡ ማስገባትና የተረፈውን ፍርፋሪ ከላይ መበተን ነው። የታጠፈው ፍሌክ ሲሞቅ ያብጣል። ስለዚህ ሲገባ ትንሽ ልል ብሎ የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት፤ ገና ሳይለኮስ ጥብቅ ካለ ከለኮሱት በኋላ ምንም አየር አያሳልፍም። ኪዩብ ተብሎ የሚቆረጠው ደግሞ ፈሶ ብቻ ይሞላል፤ የፒፓውን ጎን መታ መታ ከማድረግ በቀር መጫን አያስፈልገውም ማለት ይቻላል።

ባለ 9 ሚሊ ሜትር ፊልተር ፒፓ ላይ ከሆነ ሁሉንም አንድ ደረጃ ማላላት ነው። ፊልተሩ በራሱ የሚጨምረው መታገል አለ።

ከለኮሱ በኋላ

የመጀመሪያው እሳት የማጨሻ እሳት አይደለም። ነበልባሉን በላዩ ላይ እያዞሩ ሦስት አራት ጊዜ በአጭሩ ሲሳብ ትምባሆው ይጠቁርና ተጠማዝዞ ወደ ላይ ይነሳል። እዚህ ጊዜ ነው መጠቅጠቂያው ዋናውን ሥራውን የሚሠራው፦ የተነሳውን በጣም በቀላሉ መልሶ ማስተኛት። ከዚያ ሁለተኛው እሳት። ይህችን እርምጃ የዘለለ ሰው ከላይ ላላ፣ ከታች ያልነደደ ፒፓ ይዞ ክብሪት ሲጨርስ ይውላል። ክብሪት ሲጫር ድኙ ነዶ እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ሰከንድ መጠበቅም ጣዕሙን ያድናል።

በመሐል ሲጠቀጠቅ ግፊት አይባልም። መሣሪያው በራሱ ክብደት አመዱ ላይ ያርፍ፣ ትንሽ ይዙር፣ ይነሳ። የሚጠቀጠቀውም በሰዓት አይደለም፤ ጭሱ ሲሳሳና አሳሳቡ ሲቀል ነው። ከላይ የተቀመጠው ስስ አመድ አይራገፍ፤ ፍሙን ከትምባሆው ጋር አጥብቆ ይይዛል፣ ሙቀቱንም ያስተካክላል። አመዱ ሲበዛ ብቻ ፒፓውን ጋደም አድርጎ ትርፉን ማፍሰስ ነው። እርጥብ የነበረ አመድ የመጠቅጠቂያው ገጽ ላይ ይጣበቃል፤ ካልጠረጉት በሚቀጥለው ጊዜ ፍሙን አንስቶ ይወጣል።

የቀስታ ማጨስ ውድድሮች ደንብ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ተወዳዳሪው 3 ግራም ትምባሆ፣ 2 ክብሪትና አንድ የእንጨት መጠቅጠቂያ ይሰጠዋል፤ ለመሙላት 5 ደቂቃ፣ ለመለኮስ 1 ደቂቃ አለው፤ ከዚያ በኋላ እሳት የለም። በአንድ ቀላል እንጨት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስኬዱት በአሞላላቸውና በአሳሳባቸው እንጂ በመሣሪያ አይደለም።

ቀስ ብሎ የሚነድ ፒፓ ምላስ አይለበልብ እንጂ ጉዳቱን አያስቀርም። ጭሱ ወደ ሳንባ ባይሳብም ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ይገባል፤ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር አደጋውም በጥሩ አሞላል አይቀንስም።

ወስፌው

ዕቃውን የሚያስገዛው ይህ ነው። ግማሽ ላይ የታነቀን ፒፓ ለማዳን ወስፌውን ግድግዳውን አስጠግቶ ወደ ታች፣ ወደ አየር ቀዳዳው አቅጣጫ ማስገባት፣ አንድ ጊዜ ጥቂት ወዘወዝ አድርጎ ማውጣት፣ ከዚያም ከላይ የተከፈተውን ቀዳዳ በመጠቅጠቂያው መዝጋት። የመጨረሻው እርምጃ ከተረሳ ፍሙ በተከፈተው መንገድ ወደ ታች ይወርድና ከሥር ይነዳል። ማማሰል ፈጽሞ አይገባም፤ የተማሰለ ትምባሆ ንብርብሩ ስለሚፈርስ ከዚያ በኋላ እኩል አይነድም።

ለሚንቦጨቦጭ ፒፓ ወስፌው መድኃኒት አይደለም። እሱ ውሃ ነው፤ ጥጥ የተጠቀለለበትን የፒፓ ማጽጃ ሽቦ በመምጠጫው በኩል እስከ ጉድጓዱ ድረስ አስገብቶ መምጠጥ ይበቃል። መምጠጫውን ፒፓው ትኩስ ሳለ መንቀል ግን አንገቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ወስፌውንም በአየር ቀዳዳው ውስጥ በኃይል መግፋት ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል።

መጫሪያው

አጨራረስ ላይ የቀረውን አመድና ያልነደደ ትምባሆ ለማውጣት ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ አይታመንም። በብራየር እንጨት ፒፓ ውስጥ የሚፈጠረው የከሰል ሽፋን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ድረስ እንጨቱን ይጠብቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ መቀነስ አለበት፣ አለዚያ ከእንጨቱ በላይ እየተለጠጠ ሊሰነጥቀው ይችላል። መጫሪያው ግን ይህን እኩል አድርጎ መቁረጥ አይችልም፤ በአንድ ቦታ ይቦጭቃል፣ በሌላው ያልፋል። የጉድጓዱን ሥር በእሱ መቧጨር ደግሞ ወለሉን ያሳሳል። ከለስላሳ ነጭ ማዕድን በሚሠራው በሚርሻም ፒፓ ላይ ጨርሶ አያስፈልግም፤ እዚያ ሽፋን እንዲጠራቀም አይፈለግም፣ ግድግዳውም ለስላሳ ስለሆነ ብረት ይጭረዋል። በወረቀት ወይም በጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ምን ተበላሸ፣ ምን ቆየ

ኒኬሉ መጀመሪያ የሚለቀው ከመጠቅጠቂያው ጠርዝ ነው፤ ሙቀትና አመድ እየፈተገ ከሥር ያለውን ብረት ያሳያል። ሥራውን አይከለክልም፤ ግን ውሃ ነክቶት ሳይደርቅ ከታጠፈ እዚያ ቦታ ዝገት ይጀምራል። በአልኮል በራሰ ጨርቅ መጥረግ ጥቁሩን ዝፍትም ያነሳል። ጠርዙ ከፋብሪካ ሲወጣ ሹል ከሆነ የፒፓውን አፍ ይቆርጣል፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ማደብዘዝ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ገና ሲገዛ ቢደረግ ይመረጣል።

ከሁሉ የባሰው ሪቬቱ ነው። ሲላላ ሦስቱ ብረቶች በራሳቸው ይከፈታሉ፣ ወስፌውም የኪስ ጨርቅ ይበሳል። የሪቬቱን አንድ ራስ ጠንካራ ብረት ላይ አሳርፎ ሌላውን በትንሽ መዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ ማድረግ ያጠብቀዋል። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ብረቶቹን እየከፈቱ መሞከር ነው፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ በጥፍር አይከፈትም፣ ማላላቱ ደግሞ ከማጥበቁ ይከብዳል።

ቤት ውስጥ ለሚያጨስ፣ ፒፓዎቹም ሰፊ ለሆኑ ሰው ገጹ 15 ወይም 16 ሚሊ ሜትር የሆነ የእንጨት ወይም የናስ መጠቅጠቂያ ይሻለዋል፤ ወስፌውን ለብቻ ማግኘት ይቻላል። ከቤት ውጭ ለሚያጨስ ወይም ጠባብ ፒፓ ላለው ግን ይህኛው አይተካም። ሁለቱንም የያዘ ሰው ለመሙያና ለመጀመሪያው እሳት ሰፊውን፣ ከግማሽ በታች ላለው ባለ 12 ሚሊ ሜትሩን ይጠቀም፤ ብዙ ፒፓዎች ወደ ሥሩ ስለሚጠቡ ሰፊው እዚያ አይደርስም።