ለስፖርት መኪና፦ የላስቲክ ጎሚኒ ወይስ የፖሊዩሬቴን?

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ በስፖርት መኪና የሚመላለስ ሰው፣ ያረጀ የእግር ጎሚኒ (የእግሩ ክንዶች በቡሎን በሚታሰሩበት ቦታ ንዝረት የሚያለዝበውን ክፍል) ከመቀየሩ በፊት የላስቲኩንና የፖሊዩሬቴኑን ልዩነት ማወቅ ይገባዋል። ፖሊዩሬቴን (ሰው ሠራሽ የፕላስቲክ ዓይነት) ከላስቲክ ይልቅ ጠንካራ በመሆኑ መኪናው ሲታጠፍም ሆነ ፍሬን ሲያዝ እምብዛም አይለመጥም፤ መሪውም ፈጥኖ ይታዘዛል። ነገር ግን በውስጡ ባለው የብረት ቱቦ ላይ እየዞረ ስለሚሠራ ግራሶ ይፈልጋል፤ ጭቃና አቧራ ሲገባበት ይንጫጫል፣ የኮረኮንቹንም ንዝረት ሳያለዝብ ወደ ወንበሩ ያደርሳል። ላስቲኩ ራሱ እየተጠመዘዘ ስለሚሠራ ቅባት አያሻውም፤ እንዲያውም ዘይት ይጎዳዋል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ መኪናዬ ክሪክ ላይ እንዳለ ቡሎኑ የጠበቀበት አዲስ ላስቲክ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ዳሩ ተሰንጥቆ አገኘሁት፤ ቡሎኑ መጥበቅ ያለበት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከተሸከመ በኋላ ነው፤ አለዚያ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል። በዚህ መንገድ በትክክል እስከተገጠመ ድረስ፣ ለዕለት ጉዞ ላስቲኩን እመርጣለሁ።